ካሜራ ሳይከፈት ተማሪዎችን በውይይት እንዴት ላሳትፍ?

ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከጅማ ሲሆን፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ተማሪዎችን ማታ ማታ በዙም አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት በስልካቸው ስለሚገቡ፣ ዳታውም ከኪሳቸው ስለሚከፈል፣ ካሜራ ክፈቱ ብዬ ማስገደድ ተገቢ አይመስለኝም። ጥያቄ ሳቀርብ ግን «ይሰማል፣ መምህር» ከሚል አጭር ጽሑፍ በቀር ምላሽ አላገኝም። በትንንሽ ቡድን ከፋፍዬ ሳወያያቸው የአንዱ ወይም የሁለቱ ኔትወርክ ከተቋረጠ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ነፃው ዙም ደግሞ በ40 ደቂቃ ስለሚዘጋ ውይይቱ ሳይሞቅ ይበተናል። ሙድል ከተባለው የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ጋር ተጣምሮ የሚሠራውን፣ ቢግብሉበተን የተባለውን የቀጥታ ማስተማሪያ መድረክ የተጠቀማችሁ መምህራን፣ የድምፅ መስጫውና የጋራ ሰሌዳው በደካማ ኔትወርክ ምን ያህል ያገለግላሉ? ዝም ያለ ተማሪን ሳያሸማቅቅ የሚያናግር የአጠያየቅ ዘዴ ያላችሁም እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።