የቤተሰብ የምግብ ድጋፍ ረሃብን ለማስታገስ ብቻ ነው ወይስ በሽታንም ለመከላከል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአቅመ ደካማ ቤተሰቦች የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ ምን ምን ማካተት እንዳለበት ሐሳብ እንዲያቀርቡ ከተጠየቁት ሰዎች አንዷ ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚታደለው እህል፣ ዘይትና ስኳር ሲሆን፣ ምክንያቱ ለማጓጓዝም ለማከማቸትም ስለሚቀል ይመስለኛል። ያሳሰበኝ ግን ነፍሰ ጡር እናት፣ የአንድ ዓመት ሕፃንና የደም ግፊት ያለባቸው አያት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ፣ ለሦስቱም የሚሰጠው ይኸው አንድ ዓይነት ድጋፍ ከረሃብ ቢያድናቸውም ከበሽታ ይጠብቃቸዋል ወይ የሚለው ነው። በጀቱ የማይጨመር ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
ቅድሚያ የሚገባው ከፅንስ አንሥቶ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ላለው ጊዜ፣ ማለትም ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት ነው፤ በዚህ ጊዜ የደረሰን መቀንጨር (የዕድገት መጓተት) በኋላ ማካካስ እጅግ አስቸጋሪ ነውና። ነገር ግን ድጋፉ የሚጀምርበት ቀንም ከይዘቱ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ገደማ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ እርግዝናዋን አስመዝግባ ለመጣች ሴት ብቻ ፎሊክ አሲድ የተባለውን፣ ቱቦው በትክክል እንዲዘጋ የሚረዳውን ቫይታሚን የሚሰጥ ድጋፍ፣ ቱቦው በትክክል ባለመዘጋቱ ለሚደርሰው ጉዳት መከላከያነቱ ጊዜው አልፎበታል። ለማርገዝ የሚያስቡ ሴቶች ሁሉ በቀን 400 ማይክሮግራም እንዲያገኙ የሚመከረው፣ ዱቄትም በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ወተት ብቻውን ስለሚበቃው፣ በእነዚያ ወራት ድጋፉ ለእናቲቱ ማዕድ ቢሆን ይሻላል። በቅንነት የሚታደል የዱቄት ወተት ጡት ማጥባትን ሊያስተጓጉል እንደሚችል ብዙዎች ይዘነጉታል።

መልስ 2፦
እኔ ስለ አያት ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨውና ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳርም ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ያሳስባል። ስለዚህ በጀት ካልተጨመረ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ስኳሩ ነው። የድጋፉን ይዘት መለወጥ የማይቻል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙከራ የተጀመረው ዊክ የተባለው የአሜሪካ የእናቶችና የሕፃናት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ጭማቂን ቀንሶ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ጨምሯል። በድጋፉ ከታቀፉት ከ2 እስከ 4 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት እ.ኤ.አ. በ2010 ከነበሩበት 15.9 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 14.5 በመቶ ወርደዋል፤ ለውጡን ሁሉ ያመጣው ይህ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም።

መልስ 3፦
ከሁለቱም ብስማማም አንድ ሥጋት አለኝ። «በሽታ የሚመጣው ከአመጋገብ ነው» የሚለው አባባል ሲበዛ ጥፋቱን ወደ እናቶች ያዞረዋል፤ ለምሳሌ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ በእናት የምግብ ምርጫ የሚመጣ አይደለም። ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃንም ንጹሕ ውኃ እስካላገኘ ድረስ የበላው ምግብ በሚገባ አይዋሐደውም። ደረቅ ጥራጥሬ ለረጅም ሰዓት የሚያበስል ማገዶ ይፈልጋል፤ ይህ ካልታሰበበት ቤተሰቡ የተሰጠውን ሸጦ ሌላ ቢገዛ አይፈረድበትም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በስኳሩ ምትክ ቶሎ የሚበስል ክክ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ አይወስደውም ሲባል ሰምቻለሁና፣ ለነፍሰ ጡሯ ምን ይደረግ?

መልስ 1፦
እውነት ነው፤ ሆኖም ቫይታሚን ሲ ያለው ፍራፍሬ ወይም አትክልት አብሮ ሲበላ ብረቱ በተሻለ ሁኔታ ይዋሐዳል፤ ሻይና ቡና ግን ስለሚያግዱት ከምግብ ሰዓት ቢርቁ ይመረጣል። በእርግዝና ወቅት የሚያስፈልገውን ብረት ከምግብ ብቻ ማሟላት ስለሚከብድ፣ እንክብሉን ከጤና ተቋም መውሰዷ አይቀርም።