የበግ እርባታ የገጠር ወንጌላውያንን አገልግሎት በዘላቂነት ሊደግፍ ይችላል?

ጠያቂ፦ ዳገቱ

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በከምባታ ደጋ፣ በዶዮገና አካባቢ በምትገኝ የገጠር አጥቢያ በሽማግሌነት አገለግላለሁ። አጥቢያችን ሁለት ወንጌላውያንን ወደ ቆላው ልካለች። የደመወዛቸውን አብዛኛውን ክፍል ሲሸፍን የቆየው በከተማ ያለ የምእመናን ኅብረት ድጋፉ ከመጪው ዓመት በኋላ እንደማይቀጥል በአክብሮት አሳውቆናል። የምእመናኖቻችን ማሳ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሔክታር በታች ነው። ለመስጠት የሚሳሱ ሰዎች አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ጥሬ ገንዘብ እጃቸው የሚገባው ለበዓል በግ ወይም ሰንጋ ሲሸጡ ነው፤ የወንጌላዊው ቤተሰብ ግን በየቀኑ መብላት አለበት።

በሽማግሌዎች ጉባኤ ሁለት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሁለት ድቅል ላሞች አስረን ወተቱን ለከተማ እንድናቀርብ፣ ሁለተኛው ደግሞ በግ እንድናረባ ነው። የትኛው እንደሚሻል ብቻ ሳይሆን እንስሳቱ በማን እጅ እንደሚቀመጡ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ወንጌላዊውንም ከአገልግሎቱ የማያስተጓጉለው መንገድ የትኛው እንደሆነ የምታውቁ ብትመክሩን እጅግ እናመሰግናለን።

መልስ፦ እረኛው

ወንድሜ፣ በወረዳ ደረጃ በእንስሳት እርባታ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ምክሬ ላሞቹን እንድትተዉአቸው ነው። ድቅል ላም በቂ መኖ ባለው ሰው እጅ ትልቅ ሀብት ናት። ነገር ግን የምትታለብ ላም በቀን ከ50 ሊትር የማያንስ ውኃ ትፈልጋለች፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ሳይቋረጥ ይገዛላታል፤ ኮርማ በፈለገችበት ሰዓትም ሰው ሠራሽ የማዳቀል ሥራ የሚሠራው ባለሙያ ዳገቱን ወጥቶ ላይደርስላት ይችላል። ወተቱን የሚረከባችሁ የከተማ ሆቴል በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በየረቡዕና በየዓርቡም ጭምር የሚወስደውን መጠን ይቀንሳል፤ የላሟ ቀለብ ግን አይቀንስም። ካሏችሁ ሁለት ላሞች አንዷ በጡት በሽታ ብትያዝ ደግሞ የገቢያችሁ ግማሽ በአንድ ጊዜ ይቆማል።

በግ ግን የአገራችሁ ሀብት ነው። የዶዮገና በግ መንታ በመውለድና ቶሎ በመድለብ ይታወቃል፤ ከአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር እየሠሩ አውራ በግ የሚመርጡ የአርቢዎች ማኅበራትም በአካባቢያችሁ ስላሉ ዘር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሂሳቡን ሳናጋንን እንሥራው። በግ 5 ወር ታረግዛለች፤ በሚገባ ከተያዘች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ትወልዳለች። 20 እናት በጎች ቢኖሯችሁ በዓመት 30 ያህል ወሊድ፣ መንታውም ሲታሰብ 36 ገደማ ግልገሎች ይጠበቃሉ። ከእነዚህ አንድ አምስተኛው ቢሞት 29 ይተርፋሉ፤ ግማሹ ለሚያረባው ቤተሰብ ቢሰጥ ለቤተ ክርስቲያን 14 ይደርሳታል፤ ከዚያም ላይ አራት ሴት ጠቦቶችን ለመተኪያ ብታስቀሩ 10 በጎች ለገበያ ይቀርባሉ ማለት ነው። እነዚህን አሥር በጎች በአካባቢያችሁ የበዓል ዋጋ አባዙና ከወንጌላውያኑ የዓመት ደመወዝ ጋር አስተያዩት። ምናልባት አንዱን ወንጌላዊ ይደግፍ ይሆናል፤ ሁለቱንም ይሸከማል ብላችሁ ግን በጀት አትያዙ።

ሕክምናውን በተመለከተ የደስታ መሰል (በግና ፍየልን የሚገድል ተላላፊ በሽታ) እና የሳንባ ምች ክትባት እንዳያመልጣችሁ፤ የሳንባ ምቹ በየ6 ወሩ ይደገማል። ረግረግ ላይ የሚሰማሩ በጎች የጉበት ትል ስለሚይዛቸው ክረምት ሳይገባና ከወጣ በኋላ የትል መድኃኒት ይሰጣቸው። አዲስ የተገዛ በግ ቢያንስ ለሦስት ሳምንታት ለብቻው ሳይቆይ ከመንጋ አይቀላቀል። በሽታ ወደ መንደር በብዛት የሚገባው ከገበያ በተገዛ በግ ነው።

መልስ፦ የሶዶ ልጅ

ባለሙያው በተናገረው ላይ የምጨምረው ስለ አያያዙ ነው። እኔ ከወላይታ ነኝ፤ በአካባቢያችን የአጥቢያ መንጋ በሁለት መንገድ ሲያዝ ተመልክቻለሁ። በግቢ ታስረው ዲያቆናት በተራ እንዲመግቧቸው የተደረጉት በጎች ተራው የማን እንደሆነ እየጠፋ ይከሳሉ፣ ይሞታሉም፤ መጨረሻ ላይ ሸክሙ የሚወድቀው እዚያው በሚኖረው ወንጌላዊና በልጆቹ ላይ ነው። በኮታ፣ ማለትም ጠባቂው አርብቶ ግልገሉን ከባለቤቱ ጋር በሚካፈልበት ስምምነት፣ ለምእመናን ቤት የተሰጡት ግን ይረባሉ፤ ምክንያቱም ጠባቂው የግልገሉ ግማሽ የእርሱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ሌሊት ሳል ሲሰማ ተነሥቶ ያያቸዋል። በእንሰት አገር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለ። ፍግ የሌለው የእንሰት ጓሮ ስለማይለማ፣ በግ ያልነበራት መበለት ገና ግልገል ሳይወለድ ፍጉን ታገኛለች። እንግዲህ በጎቹን መጀመሪያ ለእንደነዚህ ዓይነት ቤቶች ስጡ፤ ለአንድ ቤትም ከሁለት እናት በጎች አታብዙ፤ ለመኖ የሚሆነውን ደሾ ሳር በእርከኑ ጠርዝ መትከልም ከውሉ አንዱ ግዴታ ይሁን።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። በግ ስትሞት በዚያው ቀን ለዲያቆን ይነገር፣ ሬሳውም ይታይ፤ በበሽታ ከሆነ ጉዳቱን አጥቢያዋ ትቀበል፣ ያለ ፈቃድ ከተሸጠች ግን ቤቱ ይተካ። ይህን መጻፍ በወንድሞች መካከል አለመተማመን ይመስላል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ግን ኅብረትን የሚጠብቀው ግልጽ ውል ነው ብዬ አምናለሁ።

ደግሞም አትፍሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ ቤተ ክርስቲያን ገና ትንሽ ነበረች፤ ያም ሆኖ ወንጌሉን ከመንደር ወደ መንደር፣ ኋላም ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ያደረሱት ምእመናኑ ራሳቸው ካላቸው እያካፈሉ የላኳቸው ሰዎች ናቸው።

መልስ፦ ሂሳብ ያዥ እኅት

ወንድሞቼ፣ በጥንቃቄ የምናገረው ነገር አለኝ። በማውቃት አንዲት አጥቢያ ወፍጮ ተተክሎ ገቢው ለወንጌላዊው ደመወዝ ሲውል ሕዝቡ «ቤተ ክርስቲያን አሁን ገንዘብ አላት» ብሎ አሥራቱን ቀስ በቀስ ተወው። ወፍጮው የተበላሸ ጊዜ ደመወዙም አብሮ ቀረ። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ መንጋ ጠባቂ ከመንጋው ወተት መጠጣቱን በምሳሌነት ያነሣው ሕዝቡ የሚያገለግሉትን እንዲደግፍ ነው። በጎቹ የሕዝቡን መስጠት ሊተኩ አይገባም። ስለዚህ የደመወዙ መሠረት ከመባና ከአሥራት ይሁን፤ የበጉ ገቢ የሕክምናውን፣ የትራንስፖርቱን፣ የልጆቹን የትምህርት ወጪ ይሸፍን፤ የተረፈውም ለክፉ ዓመት መጠባበቂያ ይቀመጥ። በጥሬ ገንዘብ መስጠት የሚከብደው ምእመንም ከራሱ በጎች አንዲት ግልገል ለአገልግሎት ለይቶ ሊያሳድግ ይችላል። ይህ በብዙ የገጠር አጥቢያዎች የታወቀ ስለሆነ ለሕዝባችሁም እንግዳ አይሆንበትም።

መልስ፦ የሰበካው ጸሐፊ

እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነኝ፤ ጉዳዩ የሁላችንም ስለሆነ ሐሳቤን ባካፍል ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የገጠር አብያተ ክርስቲያኖቻችን ካህናት ይተዳደሩበት የነበረው መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወሰደ ወዲህ ብዙ አጥቢያዎች የቆሙት በምእመናን አስተዋጽኦና በስለት ነው። ለስለት የሚገባ በግና ወይፈን በእኛ አጥቢያ በዚያው በክብረ በዓሉ ዕለት፣ በሕዝብ ፊት፣ በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ወዲያው በደረሰኝ ገቢ ይሆናል። ቀደም ሲል ለማርባት ብለው ያቆዩአቸው ነበር፤ ቁጥራቸው ሳይታወቅ ሲቀንስ ግን ሐሜት ተነሣ፣ ሐሜቱም ከበጎቹ መጥፋት የበለጠ ጎዳን። እናንተ ማርባቱን ከመረጣችሁ እያንዳንዷ በግ የጆሮ ቁጥር ይኑራት፤ በየሩብ ዓመቱ የተወለደው፣ የሞተው፣ የተሸጠው በጉባኤ ፊት ይነበብ። መዝገቡን የሚይዘው ሰውና ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ይለያዩ። ወንጌላዊው ደግሞ ከሁለቱም ነጻ ይሁን።

ጠያቂ፦ ዳገቱ

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። የእኅታችንን ምክር ለሽማግሌዎች አንብቤላቸው ደመወዙን ከመባ፣ ሌላውን ወጪ ከበጎቹ በሚለው ተስማምተናል፤ ላሞቹን ትተናል። በጎቹንም በምእመናን ቤት በውል እናስቀምጣለን። አሁን ያለን ገንዘብ ለስምንት እናት በጎች ብቻ ስለሚበቃ፣ መቼ መግዛትና ምን ማየት እንዳለብን እረኛው ቢነግረን?

መልስ፦ እረኛው

ስምንት በቂ መነሻ ነው። ከመስቀል፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት አትግዙ፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ዋጋው ሲረጋጋ፣ ከተቻለም ከገበያ ሳይሆን በአካባቢው በበጎቿ ከምትታወቅ ከአንዲት አርቢ ሴት ወይም ከአርቢዎች ማኅበር ውሰዱ። አፏን ከፍታችሁ ጥርሷን እዩ፤ ሁለት ወይም አራት ቋሚ ጥርስ ያወጣች ትሁን፤ ጥርሷ የረገፈ ወይም ያለቀ አትውሰዱ። የዓይኗን ሽፋን ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ ከነጣ ትል ሊኖርባት ይችላል። ጡቷን ዳብሱ፤ እብጠት ወይም ጠጣር ነገር ካለ ተዉአት። ባለቤቷንም እናቷ መንታ ትወልድ እንደነበረ ጠይቁ። አውራ በግ ለብቻችሁ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ማኅበሩ የመረጠውን መጠቀም ትችላላችሁ። በገዛ ልጆቹ ላይ እንዳይወጣ ግን በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። እስከ መጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሴት ጠቦት አትሽጡ፤ ወንዶቹን ብቻ ለሦስት ወር ያህል አድልቡና ለመስቀል አቅርቡ።