የመርከብ ሞዴል፦ ጣውላው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል

ጥያቄ (ደሴ)፦ ሰላም፣ የሞዴሉን ጎን በዋንዛ ስስ ጣውላ (ውፍረት 1.5፣ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር) እያለበስኩ ነው። የመርከቡ አፍንጫ ጋ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ምን ይሻላል?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ የእንጨቱን የጭረት መስመር እይ፤ ሰያፍ የሄደውን ጣለው፣ ብትነክረውም ይሰበራል። ቀጥ ያለውን ፍል ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ንከረው። ደሴ ከፍታ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ጊዜውን አታሳጥር። ከዚያ በጋለ ቧንቧ ላይ ቀስ እያልክ እጠፈው። እርጥቡን ግን በኮላ እንዳታጣብቀው! ሲደርቅ ይኮማተርና ክፍተት ይፈጥራል። በልብስ መቆንጠጫ ይዘህ አሳድረው።

መልስ (ሌላ ሰው፣ ደሴ)፦ የጎድኖቹን (ጣውላው የሚያርፍባቸውን የሞዴሉን የውስጥ አጥንቶች) ጠርዝ በሞረድ ሰያፍ አድርገሃል? ካልሆነ ጣውላው ሹል ጠርዝ ላይ ብቻ ያርፍና እዚያው ይሰነጠቃል። ወደ አፍንጫው ስፋቱን በትንሽ መላጊያ አጥብበው፣ ከግማሽ በታች ግን አታውርደው።

መልስ፦ ቀኝና ግራውን እያፈራረቅክ አልብስ፤ አንዱን ጎን ብቻ ከጨረስክ አከርካሪው (ጎድኖቹ የተተከሉበት የመሃል እንጨት) ይጣመማል።