ክርክር፦ መንግሥት መጤውን ተቀላቅሎ እንዲኖር ማስገደድ ይገባዋል?

መነሻ፦ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባጸደቀችው ሕግ መሠረት፣ ከግማሽ በላይ ነዋሪዎቻቸው «ምዕራባዊ ካልሆኑ» አገሮች የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች የሆኑባቸው፣ ከሥራ፣ ከትምህርት፣ ከገቢና ከወንጀል መለኪያዎችም ቢያንስ በሁለቱ የወደቁ ሰፈሮች በዝርዝር ይያዛሉ። በዝርዝሩ ላይ ለዓመታት የቆየ ሰፈር፣ ለቤተሰብ የሚከራዩ የማኅበር ቤቶቹ (ለትርፍ ያልቆሙ የቤት ማኅበራት የሚያከራዩአቸው) ድርሻ እስከ 2030 ከ40 በመቶ ወደማይበልጥ መውረድ አለበት፤ ቤቶቹ ሲፈርሱ ወይም ሲሸጡም ነዋሪዎች ሊነሡ ይችላሉ። በእነዚህ ሰፈሮች ልጆች ከ1 ዓመታቸው ጀምሮ በሳምንት 25 ሰዓት መዋዕለ ሕፃናት መዋል ይኖርባቸዋል። ተገቢ ነው?

መምህሩ፣ ከአዲስ አበባ፦
ተገቢ ነው። አንዲት እናት ሐኪም ፊት ስትቀርብ የሰባት ዓመት ልጇ የሚያስተረጉምላት ከሆነ፣ ገበናዋን በልጇ አፍ የምትናገር ሴት ነጻ ናት እንዴት ይባላል? በየሰፈሩ ተነጥሎ እንዲኖር መተውን ነጻነት ብለን አንጥራው።

እናት፣ ከኮፐንሃገን፦
መምህር፣ ስለ ቋንቋው እውነትዎን ነው። ልጄ ዛሬ ዴንማርክኛዬን የምታርመው መዋዕለ ሕፃናት ስለገባች ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ባለው ሰፈር ያለችው እናት ልጇን ቤት ብታውል ጠያቂ የላትም፤ እኔ ባደርገው የልጅ ድጎማዬ ሊቀር ይችላል። እሠራለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ልጄም እዚሁ ተወለደች። በዝርዝሩ ላይ ግን ሁለታችንም የምንቆጠረው እኔ በመጣሁበት አገር ነው። ከካናዳ የመጣ ሰው «ምዕራባዊ» ስለሆነ እዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2025 የካቲት ላይ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጠቅላይ አማካሪ፣ ከፍርዱ በፊት ለዳኞቹ አስተያየት የሚሰጡት፣ ሕጉን በዘር ላይ የተመሠረተ ቀጥተኛ አድልዎ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከእስራኤል፦
እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰድ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። መዝጋቢው የዕብራይስጥ ስም ሰጠኝና፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ቋንቋውን ቶሎ ያዝኩት። አባቴ በአገሩ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። ለበዓል ቤት ስመለስ ግን የማወራው እያጣሁ፣ ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። እርሱ እስኪሞት ያ ዝምታ አልተሰበረም። ያዋሐዱን ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አባቴን ግን አንድም ቀን አልጠየቁትም።

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ቋንቋው ግዴታ ይሁን የሚለውን አልተውም። ነገር ግን ግዴታው ከመንገዱ ማዶም ይሁን፤ ወላጅም አብሮ ይማር። ሰፈሩንስ? ድሃና መጤ ብቻ የተከማቸበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም እንደዚያው ይሆናል፤ ይህን ዝም ብሎ ማየት ለልጆቹ አይበጅም።

እናት፦
ታዲያ ሌላው ወደ እኛ ይምጣ እንጂ እኛ ለምን እንነቀል? ከበላዬ ያሉት አዛውንት ልጄን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉልኝ ናቸው። ሌላ ቦታ ቤት ቢሰጣቸው፣ ደረጃውን ወርደው በሩን የሚያንኳኩበት ጎረቤት ማን ይሰጣቸዋል?