ከ14 ሴት ልጆች 4 ቀሩልኝ፤ የቅርጫት ኳስ ቡድናችንን ምን ነካው?

የቱሉ ዲምቷ መምህርት፦
ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብዙ በማይርቅ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ስንጀምር 14 ልጆች ተመዘገቡ። ማልያው 10 ብቻ ስለነበር በየተራ ይለብሱ ነበር። ዘንድሮ ማልያው ተርፎ ልጅ ጠፋ። ባለፈው ማክሰኞ አራት መጡ፤ አምስተኛ ሆኜ እኔው ገባሁ፣ ጉልበቴ እስካሁን ይወቅሰኛል።

ሜዳው ተሰነጣጥቋል፣ ከሁለቱ ኳሶች አንዱ በየቀኑ ካልተነፋ አይነጥርም። ይህ ግን ያን ጊዜም ነበረ። ስጠይቃቸው «ጥናት አለብን» ይላሉ፣ ዐይኔን ግን አያዩም። ጨዋታውን ጠሉት እንዳልል፣ በእረፍት ሰዓት ወንዶቹ ሜዳውን ሲለቁላቸው በዩኒፎርም ቀሚሳቸው ሲወረውሩ አያቸዋለሁ። ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ተኩል ነው። ምን አጠፋሁ?

የቀድሞ ተከላካይ፦
ኳሳችሁ ቁጥር ስንት ነው? የሴቶች ውድድር የሚካሄደው በቁጥር 6 ነው፤ ከወንዶቹ ቁጥር 7 ዙሪያው በ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል፣ ክብደቱም ከ50 ግራም በላይ ይቀላል። እኔ በትምህርት ቤት ዘመኔ በወንዶች ኳስ ስወረውር ቀለበቱ ጋ አልደርስ እያለኝ ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ቀለበቱ ለሁሉም 3.05 ሜትር ነው፤ ኳሱ እንኳ ይቅለላቸው።

የሁለት ሴቶች እናት፣ ገላን፦
መምህርት፣ ልጆቼ የእርስዎ ተማሪዎች አይደሉም፣ ግን ትልቋን ከልምምድ ያስቀረኋት እኔ ነኝና ልናገር። 11 ተኩል ሲለቀቁ የታክሲው ሰልፍ የት ድረስ እንደሚሄድ አይተዋል? ልጄ ቤት ስትደርስ መሽቷል። ደረጃ ላይ ቆሜ ስጠብቃት ያለፈውን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላም አለ፤ እኛ ሕንፃ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በውሃው ቀን ጀሪካን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው ማን ይመስልዎታል? ወንድሟ ኳስ ሜዳ ነው፣ ማንም አልጠራውም።

«ጥናት» ማለታቸውንም አይናቁት። በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የገባው ድንጋጤ አልወጣም።

አሠልጣኝ ነበርኩ፦
አራት ልጅ ካለ ሦስት ለሦስት አጫውቷቸው። ሦስት ተጫዋችና አንድ ተቀያሪ፣ አንድ ቀለበት፣ 10 ደቂቃ ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ የገባ ውድድር ነው፣ የድሃ ጨዋታ አድርጋችሁ አትዩት። በሒጃብ ምክንያት የቀረች ካለችም ንገሯት፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ፈቅዷል።

የቱሉ ዲምቷ መምህርት፦
የገላኗ እናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ ዕለት ከልጆቹ ጋር ታክሲ ተሰለፍኩ። የመጨረሻዋ ልጅ የተሳፈረችው 12 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። የውሃውን ስጠይቅ ደግሞ ሳቁብኝ፤ ለካ በእነሱ በኩል ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በጀሪካን ቀን ነው የጠራኋቸው! እኔ የምኖረው ባለ ታንከር ግቢ ስለሆነ አስቤውም አላውቅ።

ከሰኞ ጀምሮ በምሳ ሰዓት 40 ደቂቃ፣ ሦስት ለሦስት እንሞክራለን። ርእሰ መምህሩ «ላብ ይዘው ክፍል ሊገቡ ነው?» ብለውኛል፤ ለዚህ መልስ የለኝም፣ ቧንቧውም ደረቅ ነው። ኳሱ ቁጥር 7 ሆኖ ተገኝቷል። ስታዲየም ዙሪያ ባሉት ሱቆች ቁጥር 6 በቅርቡ የገዛ ሰው ካለ ዋጋውን ይጻፍልኝ።