ለልጄ የሳይንስ ክበብ፦ ፀሐይን በሳይንስም በአፈ ታሪክም እንዴት ታቅርብ?

ጥያቄ — እናት ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፤ የምንኖረው ጅማ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን የትምህርት ቤቷ ሳይንስ ክበብ ዝግጅት አለው። ለእሷ የደረሳት ርዕስ «ፀሐይ በሳይንስና በአፈ ታሪክ» ነው። እስካሁን የሰበሰበችው ነገር ግን እርስ በርሱ አይያያዝም። ደብተሯ ላይ መጀመሪያ የግሪክ፣ የግብፅና የጃፓን አማልክት ተደርድረዋል፤ ቀጥሎ የሳይንሱ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ሁለቱ አይተዋወቁም።

ሁለቱን እንዴት ታገናኛቸው? ከአገራችን የሚጨመር ነገር አለ? ደግሞ ግቢ ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው የሚያዩት፣ ብዙ ብር የማይጠይቅ ሙከራ ብታሳይ ደስ ይለኛል። ዓይናቸውን የሚጎዳ ነገር ግን አልፈልግም። ልጆቹ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ የማንንም እምነት እንዳትነካ እሰጋለሁ። ቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ — የኬሚስትሪ ተመራቂ

እህቴ፣ እኔ ብሆን አፈ ታሪኩን በአንድ አረፍተ ነገር አልፈው ነበር። የሳይንስ ክበብ ነው። ፀሐይ ከመሬት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በውስጧ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ይቀየራል። ይህንን በደንብ ካስረዳች ይበቃታል።

መልስ — የፊዚክስ መምህር

እዚህ ላይ አልስማማም። የጥንት ሰዎች ተረት የፈጠሩት ስራ ፈትተው አይደለም። ያዩትን ነገር ለመረዳት ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከአማልክቱ ስም ሳይሆን ከሚታየው ነገር ትነሳ። አንድ ጥያቄ ታንሳ፣ የድሮ ሰዎች የመለሱትን ትናገር፣ ከዚያ ሳይንሱ የደረሰበትን። ያኔ ሁለቱ በራሳቸው ይያያዛሉ።

ለምሳሌ፦ ፀሐይ ማታ የት ትሄዳለች? ግብፃውያን ራ የተባለው የፀሐይ አምላክ ሌሊቱን በጀልባ ከምድር በታች ባለው ዓለም እየቀዘፈ፣ አፔፕ ከሚባል እባብ ጋር እየተዋጋ ያድራል ይሉ ነበር። ዛሬ የምትዞረው መሬት እንደሆነች እናውቃለን። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ስትነድ ኖራ ለምን አታልቅም? ይህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳይንቲስቶችንም አስጨንቋል። ፀሐይ ከሰል ብትሆን ኖሮ በጥቂት ሺህ ዓመታት አመድ ትሆን ነበር። ዕድሜዋ ግን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። መልሱ የተገኘው የአቶም እምብርት ሲጠና ነው፤ በየሰከንዱ 4 ሚሊዮን ቶን ያህል ቁስ ወደ ኃይል ይቀየራል።

አሁን ወደ ግቢው ሙከራ። ቀኑ በጣም አሪፍ ላይ ነው የዋለው። ጅማ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 1 እና ነሐሴ 27 አካባቢ። ሰዓቱ ደግሞ 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ33 ገደማ ነው። ሰዓታችን የሚቆጠረው ከጅማ በስተምሥራቅ ርቆ ባለ መስመር ስለሆነ እዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። የ1 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ያቁሙ፤ ቀጥ ማለቱን ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው ያረጋግጡ። ሚያዝያ 3 ቀን በዚያች ሰዓት ጥላው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ሁለተኛው ሙከራ ፀሐይን መለካት ነው። ትልቅ ካርቶን መሃሉን ቀድደው በፎይል ይሸፍኑ፣ ፎይሉን በመርፌ ይብሱት። አንድ መምህር ወንበር ላይ ቆሞ ካርቶኑን ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ያድርግ። ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ይነጠፍ። በካርቶኑ ጥላ መሃል ትንሽ ብሩህ ክብ ትታያለች። ያቺ ክብ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለችም፤ የፀሐይ ምስል ናት። በማስመሪያ ሲለኩት 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 19ን ለ2,000 አካፍለው በ150 ሚሊዮን ያባዙ፤ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ትክክለኛው የፀሐይ ስፋት 1.39 ሚሊዮን ነው። የ7ኛ ክፍል ልጅ በመርፌና በማስመሪያ ፀሐይን ለካ ማለት ነው!

መልስ — የጅሬን ልጅ

መምህር፣ ያቺን ክብ እኮ እኛ ቡና ማሳ ውስጥ ስናያት ነው ያደግነው። ከጥላው ዛፍ ሥር መሬት ላይ የሚፈሰው ብርሃን ክብ ክብ ነው፤ በቅጠሎቹ መሃል ያለው ክፍተት ግን ሁሉም ዓይነት ቅርጽ አለው። ግርዶሽ ሲሆን እነዚያ ክቦች ሁሉ ማጭድ ይሆናሉ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ካለው ያንን ታሳያቸው።

ከአገራችን ላልሽው እህቴ፣ የአክሱምን ገንዘብ አትርሺ። ከክርስትና በፊት የነገሡት፣ እንደ እንዱቢስ ያሉት፣ ሳንቲማቸው አናት ላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ያስቀርጹ ነበር። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ቦታውን መስቀል ያዘው። ፎቶውን አሳትማ ብትለጥፍ ጥሩ ነው።

መጽሐፈ ሔኖክም አለ። ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ነው። እዚያ ውስጥ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች እየወጣች በምዕራብ በስድስት ደጆች እንደምትገባ ተጽፏል። ዓመቱን ሙሉ የፀሐይን መውጫ ከአንድ ቦታ ሆኖ የተከታተለ ሰው ቦታዋ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲመላለስ ያያል። ሳይንሱ መሬት 23.5 ዲግሪ ስላዘመመች ነው ይላል። ግን ይህ ለኦርቶዶክስ ልጆች ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ልጅሽ «አፈ ታሪክ» ብላ አትጥራው፤ «የቀድሞ ሰዎች የሰማይ ምልከታ» ትበል።

ለማሳቂያ ደግሞ፣ ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲሆን «ጅብ ወለደች» እንል የለ? ጅማ ላይ ይህንን የማያውቅ ልጅ የለም። ከሱ ብትጀምር ሁሉም ጆሮውን ይሰጣታል።

መልስ — ሕርማታ

አሰላሙ ዐለይኩም። በሙስሊሞቹ ልጆች በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። የዙሁር (የቀትር ሶላት) ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው። ስለዚህ መምህሩ ያሉትን የእንጨት ጥላ ልጆቻችን በደንብ ይረዱታል፤ ጥላው አጥሮ አጥሮ መልሶ መርዘም ሲጀምር ነው ወቅቱ።

ሁለተኛው ስለ ግርዶሽ ነው። የነቢዩ ﷺ ልጅ ኢብራሂም የሞተ ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም በሱ ሞት ምክንያት ነው አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ። ይህንን ብትጠቅሰው ማንም አይከፋም፤ ከርዕሱ ጋርም ልክክ ይላል።

እናት ከጅማ

ሁላችሁንም አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ! ልጄ ከጎኔ ሆና እያነበበች ነው፤ በጅቧ ልትጀምር ወስናለች። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ ልጅ በኤክስሬይ ፊልም ፀሐይን ማየት ይቻላል ብሏታል፤ አያቷ ደግሞ በሳፋ ውኃ ውስጥ እናይ ነበር ትላለች። ይሆናል? ሌላው፣ የዚያን ቀን ደመና ቢሆንስ?

መልስ — የፊዚክስ መምህር

ሁለቱም አይሆኑም። ኤክስሬይ ፊልም፣ በጢስ የጠቆረ መስታወት፣ የፀሐይ መነጽር፣ የሳፋ ውኃ፣ ሁሉም የሚያሳልፉት ብርሃን ለዓይን ከሚገባው እጅግ ይበልጣል። ዓይን ሲቃጠል ደግሞ ሕመም የለውም፤ ልጁ የሚያውቀው ከጎዳው በኋላ ነው። በካርቶኑ ሙከራ ሁሉም ወረቀቱን ቁልቁል ነው የሚያየው፤ ቀዳዳው ላይ አንጋጦ የሚያይ እንዳይኖር ብቻ አንድ ሰው ይቆጣጠር።

ለደመናው፣ ሚያዝያ 1 እና 2 ቀን ቤት ይሞክሩትና ፎቶ አንሱ። ደመና ከሆነ በኳስ ይተካል። ፀሐይ 22 ሳንቲ ሜትር የእግር ኳስ ብትሆን መሬት 2 ሚሊ ሜትር የጎመን ዘር ናት፤ ርቀታቸውም 24 ሜትር ያህል ይሆናል። ኳሱን በር ላይ አስቀምጣ ዘሩን ይዛ ትራመድ።

መልስ — የኬሚስትሪ ተመራቂ

መምህር አሳምነውኛል። እንግዲያው ለልጅቷ አንድ ነገር ልስጣት። ፀሐይ በአብዛኛው ሃይድሮጅን እንደሆነች እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳየችው ሴሲሊያ ፔይን የተባለች የ25 ዓመት ወጣት ናት። ታላላቆቹ የዘርፉ ሰዎች ያኔ አላመኗትም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ልክ መሆኗን አረጋገጡ። የፀሐይ አማልክቱን ስም ከደብተሯ ላይ ቀንሳ የእሷን ስም ትጻፍበት።

እናት ከጅማ

ጻፈችው። ፎይሉንና ካርቶኑን ነገ ከሱቅ እንይዛለን፤ ሚያዝያ 1 ቀን ሞክረን ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።