ነጣ ብሎ የደፈረሰ የዓሣ ገንዳ ውኃ፦ ሁሉንም ደፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር?

ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ካዘጋጀሁ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። በውስጡ ስምንት ትናንሽ ዓሦች፣ ጠጠር፣ ጥቂት ሕያው ተክሎችና አንድ የእንጨት ጉማጅ አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃው ጥርት ያለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የተበረዘ ወተት መስሎ እየነጣ ሄደ፤ አሁን ከኋላ የተተከሉት ተክሎች በቅጡ አይታዩም። ግማሹን ውኃ ለውጬ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አጥቤ ብመልሰውም በማግሥቱ ተመልሶ ደፈረሰ። ዓሦቹ ይበላሉ፤ ይሁን እንጂ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አያለሁ። ውኃውን በሙሉ ደፍቼና ጠጠሩን አጥቤ እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ ውኃ የሚያጠራ ጠብታ ልጨምርበት?

አንደኛ መላሽ

እንደ አዲስ መጀመሩን ለጊዜው ያቆዩት፤ በቅድሚያ የድፍርሱን ዓይነት መለየት ይገባል። ከገንዳው ጥቂት ውኃ በነጭ ስኒ ቀድተው በብርሃን ይመልከቱት። አረንጓዴ ከሆነ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ አልጌ ነው። ቡናማ ወይም ቢጫ ሆኖ ወለል አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ እንጨቱ የለቀቀው ቀለም ስለሆነ ዓሦቹን አይጎዳም። ግራጫ ሆኖ ከስኒው ሥር የሚዘቅጥ ከሆነ በደንብ ሳይታጠብ የገባ የጠጠር አቧራ ነው፤ ነጣ ብሎ ለሰዓታት ቢቀመጥም የማይዘቅጥ ከሆነ ግን በአብዛኛው የባክቴሪያ መባዛት ነው። የእርስዎ ውኃ ለቀናት ጠርቶ ቆይቶ ኋላ መደፍረሱ ወደዚህ የመጨረሻው ያመለክታል፤ አቧራ ቢሆን ኖሮ ገንዳው ከተሞላበት ሰዓት ጀምሮ ይታይ ነበር።

ሁለተኛ መላሽ

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ገንዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች እንዳሉ ካልታወቀ መፍትሔው ግልጽ አይሆንም። ውኃውን የሚያደፈርሱት ከተረፈ ምግብ፣ ከዓሣ ኩስና ከሚበሰብስ ቅጠል የሚወጣውን ቅሪት እየተመገቡ በፍጥነት የሚባዙት ተንሳፋፊዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚሊሜትርን አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ስለሚሆኑ በስፖንጁ ቀዳዳዎች አልፈው ይሄዳሉ። ሌሎቹ በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ሲሆኑ፣ ዓሦቹ የሚያስወጡትን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ የሚባዙት በዝግታ በመሆኑ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን እስኪሰፍሩ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ የሚገድለው ልናቆያቸው የሚገቡትን እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ መጭመቅ ይበቃል፤ እስኪነጣ ማሸት አያስፈልግም። ጠጠሩንም አሁን ማጠብ የተጀመረውን ሥራ ወደ ኋላ መመለስ ይሆናል።

ከድፍርሱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ዓሦቹ ወደ ላይ መውጣታቸው ነው። ተንሳፋፊዎቹ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይጠቀማሉ፤ ሌሊት ብርሃን በማይኖርበት ጊዜ ተክሎቹም ኦክስጅን ስለሚወስዱ እጥረቱ የሚብሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ዛሬውኑ የአየር ፓምፕ ያስገቡ፤ ከሌለዎት ማጣሪያው ውኃ የሚያወጣበትን አፍ ወደ ላይ አዙረው ገጹ ያለማቋረጥ እንዲናወጥ ያድርጉ፤ ሌሊትም አያጥፉት። ከፍ ያለ አሞኒያም ስንጥባቸውን እየጎዳ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል አሞኒያ፣ ናይትራይትና ፒኤች (የውኃውን የአሲድነት መጠን የሚያሳየውን ቁጥር) ለክተው ያሳውቁን።

ሦስተኛ መላሽ

ጠብታውን አልመክርም። ጠብታው ጥቃቅን ነገሮችን እርስ በርስ አጣብቆ ማጣሪያው እንዲይዛቸው ስለሚያደርግ ለአቧራ ይረዳል፤ ባክቴሪያ ሲሆን ግን ምግባቸው እስካለ ድረስ ተመልሰው ይባዛሉ። መቀነስ ያለበት ምግቡ ነው። ጤነኛና ለአካለ መጠን የደረሱ ዓሦች ሁለት ቀን ሳይበሉ ቢውሉ አይጎዱም፤ ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጧቸው። ወለሉ ላይ የቀረውን በቱቦ ይሳቡት፤ የበሰበሱ ቅጠሎችን ይቁረጡ፤ ከእንጨቱ ሥር የሞተ ዓሣ እንዳይኖርም ዓሦቹን ይቁጠሩ። ውኃ መለወጡን ግን እኔ ብሆን እተወው ነበር፤ ድፍርሱን አያስቀረውምና።

ጠያቂ

ስለ ምክራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በስኒው ውስጥ ውኃው ነጣ ብሎ ቀረ፤ አልዘቀጠም። ዓሦቹ ሁሉም አሉ፤ የአየር ፓምፑ ከገባ ወዲህም ወደ ላይ መውጣታቸው ቀንሷል። ልኬቱ አሞኒያ በሊትር 1 ሚሊግራም፣ ናይትራይት 0.25 ሚሊግራም፣ ፒኤች 7.8 ነው። በዚህ ልኬት ውኃውን ልለውጥ ወይስ ልተወው?

ሁለተኛ መላሽ

ይለውጡ። ሦስተኛው መላሽ እንዳሉት የውኃ መለወጥ ድፍርሱን አያጠፋውም፤ እዚህ ላይ የምንለውጠው ግን ስለ አሞኒያው ነው። ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ አሞኒያም ሆነ ናይትራይት ዜሮ መሆን ይገባቸዋል። ከዚህም በላይ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ መርዛማ የሆነው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ የእርስዎን ልኬት በቸልታ ማለፍ አይቻልም። ዛሬ ግማሹን፣ ከነገ ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ ሩቡን፣ ማለትም 15 ሊትር ያህል እየለወጡ ይለኩ። ሁለቱም ከ0.25 በታች ሆነው ከቆዩ በሳምንት አንድ ጊዜ መለወጥ ይበቃል። የሚጨመረው ውኃ ሙቀት ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። ክሎሪን ብቻ ያለበት ውኃ በሰፊ ዕቃ ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተናል፤ ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት የውኃ ማከሚያ) ከሆነ ግን በማቆየት አይወጣምና ክሎሪንንና ክሎራሚንን የሚያከሽፍ የውኃ ማዘጋጃ መጨመር ግዴታ ነው።

አንደኛ መላሽ

በሽታ የሌለበት የቆየ ገንዳ ያለው የሚያውቁት ሰው ካለ፣ ከማጣሪያው ስፖንጅ ቁራጭ ለምነው እርጥብ እንደሆነ በእርስዎ ማጣሪያ ውስጥ ያስገቡ፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች በቀጥታ ስለሚያመጣ ከማንኛውም ጠብታ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ልኬቱ ዜሮ ሆኖ እስኪጸና ድረስ አዲስ ዓሣ አይጨምሩ። መብራቱም በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ብቻ ይብራ፤ ገንዳውም ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ነጩ ሲጠራ አረንጓዴው ሊከተል ይችላል። ነጩ ድፍርስ በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠራል፤ ውኃው ቢጠራም አሞኒያውን መለካትዎን አያቋርጡ፤ ጥርት ያለ ውኃም አሞኒያ ሊኖረው ይችላልና።